ስለ ዘር ቈጠራ፤ ባሕር ተሻግረው በአውስትራልያ የሰፈሩ ገበሬዎች

ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ከብቦ ለማገዶም ለቤት ሥራም የሚያገለግለን ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራልያ መሆኑን ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ያውቁታል። ስሙም ራሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይናገራል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ የምንጽፈው ግን ስለ ዛፉ አይደለም፤ ዛፉ ወደ እኛ ከመምጣቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ባሕር ተሻግረው ወደ ዛፉ አገር ስለ ሄዱ፥ እኛ በመትከል የደከምንበትንም ዛፍ እነርሱ በመመንጠር ስለ ደከሙበት ገበሬዎችና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነው።

በአገራችን ዘር መቍጠር የታወቀ ነገር ነው። ለልጅ ሚስት ሲታጭለት ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራሉ። በቀድሞውም ዘመን ርስት እካፈላለሁ ያለ ሰው የአቅኚ አባቱን ስም ጠርቶ፥ ከዚያ እስከ ራሱ ድረስ አንድም ሳያጐድል መውረድ ነበረበት፤ ስሙን ያልያዘ መሬቱንም አይዝም ነበር። አሁን የምንተርክላችሁ ሰዎችም አቅኚ አባት አላቸው፤ እርሱም ከመርከብ የወረደው ነው። ነገር ግን እኛ በቃል የምንይዘውን እነርሱ በወረቀት ይፈልጉታል፤ በመርከብ መንገደኞች ዝርዝር፥ በክርስትና መዝገብ፥ በመሬት ደብተር፥ በመቃብር ድንጋይም ላይ። ፈልገው ሲያገኙትም ሁልጊዜ የሚያስደስት ነገር አያገኙም።

ነገሩ የሚጀምረው በፕሩስያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) በ1817 ንጉሡ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 3ኛ በመንግሥታቸው ውስጥ ያሉትን ሉተራውያንና የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉትን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ለማጠቃለል ዐወጁ፤ ኋላም ሁሉ የሚጸልይበት አንድ የሥርዐት መጽሐፍ እንዲሆን አዘዙ። ንጉሡ ይህን ያደረጉት ሕዝባቸውን አንድ ለማድረግ አስበው ነበር። ነገር ግን የቀድሞውን ሥርዐታችንን አንለቅም ያሉ ቄሶች ከሹመታቸው ተሻሩ፥ አንዳንዶቹም ታሰሩ፤ የሚከተሏቸውም ገበሬዎች በገንዘብ ተቀጡ። ከእነዚህ ቄሶች አንዱ በክሌምዚግ መንደር የነበሩት አውጉስት ካቬል ናቸው። ካቬል በ1836 መንጋቸውን ይዘው የሚሰደዱበትን አገር ለመፈለግ ወደ ሐምቡርግ፥ ከዚያም ወደ ሎንዶን ሄዱ። በሎንዶንም ጆርጅ ፋይፍ አንጋስ የሚባሉ ባለጸጋ ነጋዴ አገኙ።

አንጋስ በዚያው ዓመት በተመሠረተው በደቡብ አውስትራልያ ቅኝ አገር ብዙ ጥቅም ያላቸው ሰው ነበሩ። ይህ ቅኝ አገር እንደ ሌሎቹ የአውስትራልያ ክፍሎች የእስረኞች ማጋዣ አልነበረም። መሬቱ በሽያጭ ይሰጣል፤ በሽያጩም ገንዘብ ሠራተኛ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ለሃይማኖትም ነፃነት ተፈቅዶ ነበር። አንጋስ ሃይማኖተኛም ነጋዴም ስለ ነበሩ በአንድ በኩል አዘኑላቸው፥ በሌላ በኩል ደግሞ ትጉህ ገበሬ ለአዲስ አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ዐወቁ። ስለዚህ ለመርከብ ኪራይና ለስንቅ የሚሆን ብዙ ሺህ ፓውንድ በወለድ አበደሩ። ገበሬዎቹ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ባለ ዕዳ የሆኑት ለአንጋስ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዕዳውንም አንዱ ለአንዱ ዋስ ሆኖ ከነወለዱ ከዓመታት በኋላ ከፈሉት።

የፕሩስያ መንግሥት የመውጫ ፈቃድ ለመስጠት እጅግ ዘገየ። ይለፍ ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ቤታቸውንና ከብታቸውን ሸጠው ሲጠብቁ የነበሩት ብዙዎች ናቸው። በመጨረሻው ፈቃዱ በ1838 ሲሰጥ ካቬል ራሳቸው ከመጀመሪያዎቹ መንጋዎች ጋር በዚያው ዓመት በኅዳር ደረሱ፤ እነዚህም ከአደሌድ ከተማ አጠገብ በቶረንስ ወንዝ ዳር ሰፍረው መንደራቸውን በአገራቸው መንደር ስም ክሌምዚግ አሉት። ሌላው መንጋ ደግሞ በነሐሴ ዜብራ በምትባል መርከብ ከአልቶና ወደብ ተነሣ፤ የመርከቢቱም አለቃ ዲርክ ሃን ይባሉ ነበር። ከአራት ወር የበለጠ የባሕር መንገድ ከተጓዙ በኋላ በታኅሣሥ 28 ቀን የደቡብ አውስትራልያን ምድር አዩ። በመንገድ ሞተው ወደ ባሕር የተጣሉ ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሕፃናት ይገኙ ነበር።

የመርከብ አለቃ ሥራው ሰውን ከወደብ ወደብ ማድረስ ነው፤ ሰውየው ከወረደ በኋላ ዕዳ የለበትም። ካፒቴን ሃን ግን መንገደኞቻቸው መሬት የሌላቸው፥ ገንዘብ የሌላቸው፥ የእንግሊዝንም ቋንቋ የማያውቁ መሆናቸውን ባዩ ጊዜ ጥለዋቸው ለመሄድ ልባቸው እንቢ አለ። ስለዚህ ከአደሌድ በስተምሥራቅ ባሉት ኰረብታዎች መሬት ከያዙት ከዱተንና ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሄደው አገሩን ተመለከቱ፤ ስለ ገበሬዎቹም ሆነው ተዋዋሉ። ባለ መሬቶቹ 100 ኤከር ሰጡ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ኪራይ አይከፈልም፤ ለስንቅና ለዘር የሚሆንም በብድር ይሰጣል፤ የሚታለቡም ላሞች ይመጣሉ ተባለ። አንባቢዎቻችን እንዲረዱት፥ 100 ኤከር ማለት የጋሻው ልክ እንደየአገሩ ልዩ ልዩ ቢሆንም በኛ አገር አንድ ጋሻ ያህል ነው። በዚች በአንዲት ጋሻ መሬት ላይ 38 ቤተ ሰቦች ሰፈሩባት። ዛሬ ይህን ያህል ቤተ ሰብ በአንድ ጋሻ ላይ ሰፍሮ ይብላ ብሎ የሚዋዋል ቢኖር ከዳኞቻችን ማንም ውሉን የሚያጸና አይመስለንም። ገበሬዎቹ ግን ውሉን እንደ ትልቅ ቸርነት ቈጠሩት፤ መንደራቸውንም በመርከብ አለቃቸው ስም ሃንዶርፍ ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም የሃን መንደር ማለት ነው። የመርከብ አለቃ ስም በምድር ላይ መንደር ሆኖ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀናል።

መሬቱ ለእህል አልበቃ ስላለ አትክልት ማብቀል፥ ቅቤ መናጥ፥ እንቍላል ማከማቸት የሴቶቹ ሥራ ሆነ። ገበያው ግን አደሌድ ነው፤ ከዚያ እስከ ሃንዶርፍ የሚወስደው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ተራራና ጫካም ነው። ሴቶቹና ልጃገረዶቹ እኩለ ሌሊት ላይ ተሰብስበው ይነሣሉ። በትከሻቸው ላይ በሚያርፍ እንጨት ግራና ቀኝ ቅርጫት አንጠልጥለው፥ ወይም በጀርባቸው አዝለው፥ ጫማቸው እንዳያልቅባቸው በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ። ከተማው ሊታይ ሲል ከወንዝ ወርደው እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ካልሲያቸውንና ጫማቸውን አድርገው እንደ እመቤት ይገባሉ። ሸጠው ሲመለሱም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ክርና መርፌ፥ ስኳርና ሻይ፥ ለባሎቻቸው ትንባሆ ይገዛሉ። ከዚህም በላይ እያንዳንዷ ሁለት ሁለት ጡብ ተሸክማ ትወጣ ነበር ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚሠራበት ጡብ ነው።

ስለዚህ በዚያ አገር ዘሩን የሚቈጥር ሰው አባቶችን ብቻ ጽፎ ቢያቆም የታሪኩን እኩሌታ ትቶ ማለፉ ነው። የመሬቱ ደብተር የሚጽፈው የባልን ስም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪራይ የተከፈለው ግን ብዙውን ከሴቶቹ ቅርጫት ነው። በአካባቢው ባሉት የእንግሊዞች በጎች ላይ ጠጕር ለመሸለት የተቀጠሩም ሴቶች ነበሩ። ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ በዚያ የእግር መንገድ ላይ ምልክት አቁመውበታል፤ የአገሩም ሰው ለመታሰቢያ ይጓዝበታል፤ በእርግጥ ጡብ ሳይሸከም ነው።

ስለ መሬቱ ሌላ ነገርም መናገር ይገባናል። የቤተ ሰብ ታሪክ የሚጽፉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከመርከቡ ይጀምራሉ፤ መሬቱን ባዶ እንደ ነበረ አድርገው ያልፋሉ። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። በሃንዶርፍ ኰረብታዎች ፔራማንክ የሚባሉ ሰዎች፥ በአደሌድ ሜዳም ካውርና የሚባሉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ ነበር። በመጀመሪያው የረኃብ ጊዜ የፔራማንክ ሰዎች የሚበላውን የዱር ሥርና እንስሳ ለገበሬዎቹ እንዳሳዩአቸው ይነገራል። ዱተን መሬት ሲያከራይ ከእነርሱ አልገዛም፤ መንግሥትም ሲሸጥ እነርሱን አልጠየቀም። ጫካው ሲመነጠር፥ አደኑ ሲጠፋ፥ በሽታም ሲጨምርባቸው ጥቂት በጥቂት ከአገራቸው ጠፉ። ስለ ርስቱ የሚከራከር የኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ከአቅኚው አባት በፊት ማን ነበረ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በአውስትራልያም ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ልጅ ልጆች ዛሬ እየበዙ ሄደዋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ገበሬዎቹ ከመድረሳቸው ጥቂት አስቀድሞ ታይክልማንና ሹርማን የሚባሉ ሁለት የጀርመን ሚሲዮናውያን ወደ አደሌድ መጥተው የካውርናን ቋንቋ ተማሩ፤ በ1840ም ሰዋስዉንና ቃላቱን ጽፈው አሳተሙ። ቋንቋው ኋላ ከሰው አፍ ሊጠፋ ደረሰ። በዘመናችን የካውርና ልጆች የአያቶቻቸውን ቋንቋ እንደ ገና ለመናገር ሲነሡ መነሻ የሆናቸው የእነዚያ ጀርመኖች መጽሐፍ ነው። የጀርመኖቹ ልጆች ደግሞ በዚያው ጊዜ የራሳቸውን ቋንቋ አጥተውት ነበር፤ እንዴት እንዳጡት ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ከሃንዶርፍ በኋላ በ1842 ሎቤታልና ቢታንያ ተመሠረቱ። ሎቤታል ማለት የምስጋና ሸለቆ ማለት ነው፤ ቢታንያም ከወንጌል የተወሰደ ስም መሆኑ ግልጽ ነው። ቢታንያ ያለችበት ባሮሳ የሚባለው ሸለቆ ለወይን እጅግ የተስማማ ስለ ሆነ ገበሬዎቹ ከስንዴው ጋር ወይን ተከሉ፤ በ1843 ተተከለ የሚባል የወይን ቦታ እስከ ዛሬ ያፈራል። ለስንዴውም በዚያው በ1843 ጆን ሪድሊ የሚባል ሰው ዘለላውን ከአገዳው ላይ የሚቀነጥብ መኪና አወጣ፤ በማጭድ እጥረት የሚቸገረው አገር በዚህ እጅግ ተጠቀመ።

እነዚህ ሰዎች ለሃይማኖት ብለው አገራቸውን ትተው ሳለ፥ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው በሃይማኖት ተለያዩ። በ1841 የመጡት ቄስ ፍሪችና ቀድመው የመጡት ካቬል በትምህርት ስላልተስማሙ በ1846 ቢታንያ ላይ በተደረገው ጉባኤ ሁለት ሆኑ። ክፍፍሉ በየመንደሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ በአንድ መንደር ሁለት ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለት ትምህርት ቤት፥ ሁለት መቃብር የሚታይበት ስፍራ ሆነ። ሉተራውያኑ በመላው አውስትራልያ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተጠቃለሉት በ1966 ነው፤ ከቢታንያ ጉባኤ 120 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዘር ቈጣሪ የሆነ ሰው በዚህ ይቸገራል፤ አንዱ ወንድም በዚህኛው መዝገብ፥ ሌላው በዚያኛው መዝገብ ተጽፎ ይገኛልና። አንዱን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው አያቱ ወንድም አልነበረውም ብሎ ይጽፋል።

በመሬት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለምትሠሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን እንጨምራለን። የእንግሊዝ ሕግ በዚያን ጊዜ መሬት የሚሸጥ ሰው የቀድሞዎቹን ውሎች ሁሉ እያያያዘ እንዲያሳይ ያስገድድ ነበር፤ አንድ ወረቀት ከጠፋ ክርክር ነው፥ ክርክርም ሲነሣ የሚጠቀመው ጠበቃው ነው። በ1858 ሮበርት ቶረንስ በደቡብ አውስትራልያ አዲስ ሕግ አስወጡ፤ መሬቱ በአንድ የመንግሥት መዝገብ ይጻፋል፥ ባለ መሬት የሚባለውም በመዝገቡ የተጻፈው ነው። ሥርዐቱን በማዘጋጀት የሐምቡርግ ተወላጅ የሆኑት የሕግ ዐዋቂ ኡልሪክ ሁቤ ብዙ ረድተዋል፤ በሐምቡርግ እንዲህ ያለ መዝገብ ቀድሞ ይሠራበት ነበርና። ይህ ሥርዐት ኋላ በብዙ አገር ተወሰደ። ለቤተ ሰብ ታሪክ ፈላጊም ከዚህ የሚሻል ምንጭ የለም፤ አባትየው መሬቱን መቼ ገዛ፥ መቼ አስያዘው፥ ለማን አወረሰው፥ ሁሉም በአንድ ገጽ ይነበባል።

ይህን ገጽ የሚያነብ ሰው ወዲያው የሚያየው ነገር ቢኖር መሬቱ ለልጆቹ አለመብቃቱ ነው። ከመንግሥት የሚገዛው አንድ ቍራጭ መሬት ብዙውን ጊዜ 80 ኤከር ነበር፤ ከጋሻ ያነሰ ማለት ነው። በቤቱ ውስጥ ስምንት ወይም ዐሥር ልጅ ማደግ የተለመደ ነበር። በኛ አገር ርስቱ ለሁሉ ሲከፋፈል ማሳው እየጠበበ ይሄዳል፤ እነርሱ ግን ብዙውን ጊዜ ለአንዱ ልጅ ነባሩን ትተው ለሌሎቹ ሩቅ መሬት መፈለግን መረጡ። በዚህ ምክንያት ዘመድ ከዘመድ ተራራቀ።

ከእነዚህም ጕዞዎች እጅግ የታወቀው በ1868 የተደረገው ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ1861 በወጣው ሕግ መሠረት ማንም ሰው የዋጋውን ሩብ አስቀድሞ ከፍሎ የመንግሥት መሬት መርጦ መያዝ ይችል ነበር። ይህን ወሬ የሰሙ በባሮሳ አጠገብ አቤንኤዘር በሚባለው መንደር ያሉ ሰዎች ዐሥራ አራት ሸራ የለበሱ ሠረገሎች ጭነው፥ 56 ሆነው በጥቅምት ተነሡ። የአቤንኤዘር ሰዎች ብዙዎቹ ዌንድ የሚባሉ፥ በጀርመን ውስጥ የሚኖሩ ግን የስላቭ ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ለልጅ ልጆቻቸው ዘር ቈጠራው ከሁሉ ይከብዳል፤ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይጠይቃልና። መሪ ወንዝን ተከትለው ስድስት ሳምንት ያህል ተጓዙና ከኦልበሪ ከተማ አጠገብ ዋላ ዋላ የሚባለውን መንደር ቈረቈሩ። ዛሬ የዋላ ዋላ ሰውና የባሮሳ ሰው ሲገናኙ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ትውልድ ወንድማማች መሆናቸውን ያገኙታል።

ወደ ሰሜን የሄዱት ግን እንደዚህ አልሆነላቸውም። ከ1863 እስከ 1865 ድረስ ጽኑ ድርቅ ስለ ነበረ መንግሥት የመሬት ልኬታ ሹም የነበሩትን ጆርጅ ጎይደርን ዝናቡ እስከ የት ድረስ እንደሚታመን አይተው ወሰን እንዲያመለክቱ ላካቸው። ጎይደር በፈረስ ዞረው፥ የሣሩንና የቍጥቋጦውን ዐይነት ተመልክተው በ1865 መስመር አሰመሩ፤ ከዚህ በስተሰሜን አትረሱ፥ ከብት ብቻ አግጡ አሉ። ቀጥሎ ጥቂት ዝናባማ ዓመታት መጡና ሰዉ ጎይደርን ዘበተባቸው፤ ዝናብ ማረሻን ይከተላል የሚል አባባልም ተነሣ። በ1874 መስመሩ ለሕግ መሆኑ ቀረ፤ ገበሬውም እየተሽቀዳደመ አልፎ ሄደ፤ ከእነርሱም ውስጥ ከባሮሳ የሄዱ የጀርመን ልጆች ነበሩ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ተመለሰ። በድንጋይ የተሠራው ቤታቸው ጣራው ፈርሶ፥ ግንቡ ቆሞ ዛሬ ድረስ በባዶ ሜዳ ላይ ይታያል። የዘር ቈጠራ ጻፎች ይህን ዘመን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ «ወደ ደቡብ ተመለሱ» ይላሉ። እኛ ግን የሹሙን ምክር ሳይሰማ ሕጉን ያነሣው መንግሥት፥ ከገበሬው ይልቅ መጠየቅ የሚገባው ይመስለናል።

አሁን ቋንቋቸውን እንዴት እንዳጡ እንናገር። እስከ 1914 ድረስ እነዚህ ሰዎች በአንድ ጊዜ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኞች፥ በቤታቸውም ጀርመኖች ሆነው ኖሩ። ዜግነት ተቀብለው፥ ለምክር ቤት ተመርጠው፥ ሹመትም ይዘው ነበር። የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ከሰባ አምስት ዓመት በፊት የገቡት ሰዎች የልጅ ልጆች ሁሉ ተጠረጠሩ። የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሄርማን ሆምበርግ በዚያው አገር የተወለዱ ሲሆኑ በ1915 ከሥልጣናቸው ለመልቀቅ ተገደዱ። በአደሌድ ወደብ አጠገብ በቶረንስ ደሴት እስረኞች የሚጠበቁበት ሰፈር ተከፈተ። በ1917 አርባ ዘጠኝ የሉተራውያን ትምህርት ቤቶች በሕግ ተዘጉ። በዚያው ዓመት 69 የጀርመን የቦታ ስሞች እንዲለወጡ ታዘዘ። ክሌምዚግ የአውስትራልያ ፈረሰኞች በተዋጉባት ከተማ ስም ጋዛ ተባለ፤ ሎቤታል ትዊድቬል፥ ሃንዶርፍም አምብልሳይድ ተባሉ።

በጀርመን መንግሥት ላይ የተነሣው ቍጣ ያረፈው ከሞቱ ሃምሳ ዓመት ባለፋቸው በካፒቴን ሃን ስም ላይ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን፥ በ1918 በፈረንሳይ ግንባር የአውስትራልያን ጦር ሁሉ ያዘዙት ጄኔራል ጆን ሞናሽ ወላጆቻቸው ከፕሩስያ የመጡ አይሁዶች መሆናቸው ነው። ከሃንዶርፍና ከባሮሳም ለአውስትራልያ የተሰለፉና የሞቱ ነበሩ፤ ስማቸው በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ ተጽፏል፤ የተወለዱበት መንደር ስም ግን በዚያን ጊዜ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ አልነበረም።

ሕግ የመንደሩን ስም ይለውጣል፤ ፍርሃት ደግሞ የቤቱን ስም ይለውጣል። ሽሚት የነበረው ስሚዝ፥ ሙለር የነበረው ሚለር የሆነ ብዙ ነው። አያት ከምድጃ አጠገብ በጀርመንኛ ስታወራ የነበረች ሴት ልጆቹ በገበያ እንዳይሰደቡ ብላ አፏን ዘጋች። ልጆቹ ጥቂት ይሰማሉ፥ አይናገሩም፤ የልጅ ልጆቹ ጭራሽ አይሰሙም። በ1935 የሃንዶርፍ፥ የሎቤታልና የክሌምዚግ ስም በሕግ ተመለሰላቸው፤ ከተለወጡት ስሞች ግን ብዙዎቹ እንደ ተለወጡ ቀሩ። የስም መመለሻ ሕግ አለ፤ የቋንቋ መመለሻ ሕግ ግን ማንም አላወጣም። በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ገና የታሰሩ ነበሩ።

በ2021 በአውስትራልያ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከጀርመን ዘር ነን ያሉት ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ዘራቸውን ይፈልጋሉ፤ የአንድ መርከብ መንገደኛ ልጆች ከመላው አገር ተጠራርተው ይሰበሰባሉ፤ መጽሐፍም ያሳትማሉ። እኛ ካየናቸው ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ ስምና ቀን ብቻ ናቸው፤ እንደ ግብር መዝገብ ይደርቃሉ። ሌሎቹ ደግሞ አቅኚውን አባት እንደ ጻድቅ ብቻ ይጽፉታል፤ ያላበደረ፥ ያልተጣላ፥ በወንድሙ ላይ ያልከሰሰ አድርገው። የተሻሉት ዕዳውንም፥ የቤተ ክርስቲያኑንም ጠብ፥ የጎይደርንም መስመር አልፎ መክሰሩን፥ የፔራማንክንም ሰዎች የሚጽፉት ናቸው።

በብዙ ቤት ከመርከቡ ጋር የመጣ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። በልጆችም መወለድና በሰዎች መሞት ጊዜ አባቶች በመጀመሪያዎቹ ባዶ ገጾች ላይ ስም ይጽፉበት ነበር። ጽሕፈቱ ግን የቀድሞው የጀርመኖች የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ የዛሬውን ስለማይመስል ጀርመንኛ የተማረ ሰው እንኳ ወዲያው አያነበውም። ስለዚህ ባለ ቤቶቹ መጽሐፉን ጠቅልለው ወደ አደሌድ፥ የሉተራውያን መዝገብ ወደሚጠበቅበት ቤት ይወስዱታል። በዚያም ጽሕፈቱን የሚያውቅ ሰው መነጽሩን አድርጎ፥ ጣቱን ከስም ወደ ስም እያሻገረ ቀስ ብሎ ያነብላቸዋል፤ እነርሱም በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ።